ተርብ ያልኳቸው

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ደብዳቤ የምታድለው ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ላይ ስለነበር ነው። ያን ዕለት አንዲት ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሪፖርትሽ ሥራ ላይ ዋለ» ብላኝ አለፈች። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ተብዬ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የጻፍኩት ነገር ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም ነበር። ደስ እያለኝ ማንበብ ጀመርኩ።

ደብዳቤው ለሚመለከታቸው ሁሉ የተጻፈ ነው። በባለሙያችን በተደረገ ጥናት ከመንገዱ በታች ባለው ጨፌ ውስጥ በርካታ ዓይነት ተርብ እየተራባ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ በተማሪዎችና በንብ ቀፎዎች ላይ ጉዳት ከማድረሱ በፊት የመርዝ ርጭት እንዲደረግ፣ ውኃውም በሕዝብ ተሳትፎ ቦይ ተቆፍሮለት እንዲጠፋ ይላል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ከነዋሪው ጋር ውይይት ይደረጋል፤ ቅዳሜ ርጭቱ ይጀመራል። ከግርጌው ማኅተም አርፎበታል። «ባለሙያችን» የተባልኩት እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን ሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት።

ጨፌ የምንለው ውኃ አዝሎ የሚኖር፣ ቄጠማ የሚበቅልበት ረግረግ ነው። ቦንጋ ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዝናቡም ብዙ ነው፤ ከየሰፈሩ የወረደው ውኃ ተሰብስቦ የሚያርፈው እዚያ ጨፌ ላይ ነው። በአንድ ወገኑ መንገዱ ያልፋል፤ ሰው ቆሻሻ የሚደፋው፣ ሞተር ብስክሌት የሚታጠበው በዚያ በኩል ነው። በሌላው ወገን ትምህርት ቤት አለ። እኔ ራሴ በዚያ ትምህርት ቤት ስማር በየቀኑ በዳሩ አልፍ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አይቼው አላውቅም።

ያየሁት ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር ነው። ስለ ቆሻሻው ሪፖርት እንዳዘጋጅ ተልኬ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወረድኩ። የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል፤ ቀይ ነው፤ ግን እንደማውቀው ቀይ አይደለም። ከውስጡ የሚበራ ይመስላል። ልጆች ሆነን ሄሊኮፕተር የምንለው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን ሣጥን ውስጥ በመርፌ የተሰኩ ደረቅ ነፍሳት አሳይተውናል፤ ስማቸውን በእንግሊዝኛ አጥንቼ ተፈትኛለሁ። ሁሉም አመድማ ነበሩ። ሲሞቱ ቀለማቸው እንደሚጠፋ ያኔ ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ በቀይ አውቃቸው የነበሩትን በአመድማ ተምሬያቸው፣ አራት ዓመት ሙሉ መልካቸው ያ መስሎኝ ኖርኩ።

ያን ቀን ስለ ቆሻሻው አንድ መስመር አልጻፍኩም። ቀዩ ከጠርሙሱ ተነሥቶ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ሳይዞር ወደ ኋላ በረረና ተመልሶ እዚያው ጠርሙስ አፍ ላይ አረፈ። አራት ክንፎቹን ለየብቻ ያዛቸዋል። ዓይኑ ራሱን ሁሉ ሸፍኖታል፤ በየትኛውም በኩል ብቆም እኔን የሚያየኝ መሰለኝ። ዝቅ ብዬ ስመለከት ደግሞ ቄጠማው ሥር እንደ ስፌት መርፌ የቀጠኑ፣ ሰማያዊ የሆኑ ሌሎች አሉ። ትልልቆቹ ሲያርፉ ክንፋቸውን እንደ አውሮፕላን ዘርግተው ነው፤ ቀጫጭኖቹ ግን እንደሚጸልይ ሰው እጅ ክንፋቸውን ገጥመው ጀርባቸው ላይ ያሳርፉታል። እያንዳንዱን ባየሁ ቁጥር አጠገቡ ሌላ ዓይነት አየሁ። ክንፈ ጥቁር አለ፤ ጅራቱ ጫፍ ላይ ብቻ ሰማያዊ ነጥብ ያለበት አለ፤ ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ፣ ደመና ሲሆን ነሐስ የሚመስል አለ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ከሥራ በፊት መውረድ ልማዴ ሆነ። የሳይንስ ስማቸውን ለማወቅ የሚያስችል መጽሐፍ ስላልነበረኝ ለደብተሬ የራሴን ስም አወጣሁላቸው፤ በርበሬው፣ መርፌ፣ ነሐሱ፣ ባለ ነጥቡ። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። በየሳምንቱ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ተራዬ ሲደርስ «በተባለው እስማማለሁ» ከማለት በቀር የተናገርኩት ነገር ትዝ አይለኝም። በጽሑፍ ግን ደፋር ነኝ፤ ወይም ይመስለኝ ነበር። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲደርስ ያየሁትን ሁሉ በሠንጠረዥ አስገባሁት።

ስሕተቱ የተሠራው እዚያ ላይ ነው። ሄሊኮፕተር ተብሎ ሪፖርት አይጻፍም። መዝገበ ቃላት ባገላብጥ «የውኃ ተርብ» አለኝ፤ ጻፍኩት። ሠንጠረዡ ላይ ስደርስ ዓምዱ ጠባብ ሆነና ቃሉ እየተሰበረ ወደ ታች ወረደብኝ። ጽዱ ነገር እወዳለሁ። ከላይ አንድ ጊዜ አስረድቼዋለሁ ብዬ «የውኃ» የሚለውን ከየረድፉ አወጣሁት። ቀይ ተርብ። ሰማያዊ ተርብ። ክንፈ ጥቁር ተርብ። ቀፎውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ በማሩ የሚኖር ሰው ባለበት በካፋ ምድር ተርብ ማለት ቤት ሰባሪ ሌባ ማለት ነው። እኔ የአንድን ሰፈር ሌቦች በየቀለማቸው ዘርዝሬ፣ ፈርሜ ለአለቃዬ አስረክቤያለሁ።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥራ የበዛባቸው ሰው ነበሩ። ተርብ አለመሆኑን ነገርኳቸው።

«ተርብ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«የውኃ ተርብ ነው።»

«ይኸው፣ በራስሽ አፍ ተርብ አልሽ!»

ልጆች ሄሊኮፕተር የሚሉት መሆኑን በቀስታ ስነግራቸው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ሳቁ። እሱንማ አውቀዋለሁ አሉ። ከዚያ ደብዳቤው ላይ ያለውን ማኅተም በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «እና ለካቢኔው ሄሊኮፕተር ላይ እንዳይረጭ ብዬ ልጻፍ? ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በቃል አላነሣም። ሐሙስ ሕዝቡ አለ፤ ነይና ተናገሪ። ሕዝቡ ካነሣው እኔም አነሣዋለሁ» አሉኝ። የብሎኬት ማምረቻ ቦታ ጠብቁ የተባሉ ማኅበር ያቋቋሙ ወጣቶች እንዳሉም ጨመሩልኝ። ጨፌው ከደረቀ ቦታው የእነሱ ነው።

በሕዝብ ፊት መናገር ከሁሉ በላይ የምፈራው ነገር ነው። የደብዳቤውን ጽሑፍ ሰው ሌላ ጊዜ ያርመዋል ማለት ይቻላል፤ የመርዙን ጥፋት ግን ማንም አያርመውም። የእኔው እጅ የቆጠራቸውን የእኔው ጽሑፍ ሊያስፈጃቸው ነው።

ረቡዕ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጨፌው ዳር ነበርኩ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ከመንገዱ ራቅ ብለው አንዲት እናት ማጭዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በዓል ሲደርስ ቄጠማ አጭደው የሚሸጡ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ በሩቅ አይቻቸው እጅ ነሥቼ አልፋለሁ። ሌሎቹ ቄጠማ ሻጮች በጨለማ አጭደው ገበያውን እንደሚቀድሙ፣ እሳቸው ግን ሁልጊዜ ረፍዶባቸው እንደሚደርሱ፣ በዚህም ጓደኞቻቸው «ፀሐይን ሳታስፈቅድ አታጭድም» እያሉ እንደሚያሾፉባቸው ሰምቼ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ሰላም አልኳቸውና ወደ ውኃው ጠጋ አልኩ። እጄን ቄጠማው ላይ ላሳርፍ ስል፣

«ቆይ፣ አትንኪ» አሉኝ። «እሱ እየለበሰ ነው።»

አየሁ። በቄጠማው ግንድ ላይ፣ ከውኃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ጭቃ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ክንፍ የለውም፤ ስድስት እግሮች አሉት፤ ጀርባው ጎብጧል። ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አውቃለሁ። እንቁላሉ ከተጣለበት ቀን ጀምሮ ለወራት ውኃ ውስጥ የኖረ፣ በውኃ የሚተነፍስ፣ የትንኝ እጭ ሲበላ ያደገ ነው። አሁን የመጨረሻውን መውጫ ወጥቶ ግንዱን ጨብጦታል። ጀርባው ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ እያየሁት ሰፋ።

መጀመሪያ የወጣው ጀርባው ነው፤ ከዚያ ራሱ፤ ከዚያ እግሮቹ አንድ በአንድ። ግማሽ አካሉ ሲወጣ ወደ ኋላ ተዘቅዝቆ ቀረ። ሞተ ብዬ አሰብኩ። እናቲቱን ዞር ብዬ አየኋቸው፤ አልተንቀሳቀሱም። እግሩ እስኪጠነክር ነው፣ እሱ ታጋሽ ነው አሉኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፤ ሰዓት ማየት ነውር መሰለኝ። ድንገት ወገቡን አጥፎ ተነሣ፣ የገዛ የቀድሞ ራሱን ግንባር ያዘና የቀረ አካሉን ከቅርፊቱ መዘዘው። ጀርባው ላይ አራት እርጥብ፣ የተጨማደዱ ነገሮች አሉ። ክንፍ አይመስሉም፤ ኪስ ውስጥ ረስተውት የታጠበ ወረቀት ይመስላሉ። ከዚያ ሥሮቻቸው ተሞሉ። ጭምድዱ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ጫፍ እየተፈታ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ አራት ረጃጅም፣ ወተት የመሰሉ ክንፎች ቆሙ። ወተቱም ቀስ እያለ ጠራ። በክንፉ ውስጥ አልፌ ማዶውን ኮረብታ አየሁት።

ቀና ስል አንድ ብቻ አለመሆኑ ገባኝ። ጉሙ ሳስቷል። በየግንዱ ላይ አለ። አንዱ ገና እየወጣ፣ አንዱ ተዘቅዝቆ፣ አንዱ ክንፉን እያደረቀ። ጨፌው ሙሉ፣ ዓይኔ እስከደረሰበት ድረስ፣ ድምፅ ሳያሰማ ልብስ እየለወጠ ነበር። በዚህ በኩል ስንት ዓመት ደብተር ተሸክሜ ወደ ትምህርት ቤት ተመላልሻለሁ። ያን ጊዜ ሁሉ፣ እኔ ተውሳከ ግስ ስሸመድድ፣ እዚህ ይህ ይደረግ ነበር። እርጥብ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

እናቲቱ ፀሐይ እስኪሞቅ የማያጭዱት ለዚህ ነው። እናታቸው የሚለብስ ያለበትን ግንድ እንዳይቆርጡ አስተምረዋቸዋል። እሱ የማይወጣበትን ውኃ እንስሳም አይጠጣው አሉኝ። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ የውኃ ጥራት መለኪያ የለንም፤ የእኒያ እናት እናት ግን ነበራቸው።

የቅዳሜውን ርጭት ነገርኳቸው። በማጭዳቸው ጫፍ ጭቃውን እየጫሩ፣ «ተርብ ነው ያለው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ማጭዳቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ተምረሽ፣ ተምረሽ፣ ተርብ አልሽው?» አሉኝ። ቀጥለውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ያሰረ ሰው ይፈታል። አንቺ ነሽ ያሰርሽው» አሉ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ለፊት ኃላፊያችንና የቀበሌው ሰዎች፣ በቀኝ ወጣቶቹ፣ በግራ ነጠላ የደረቡ እናቶችና ንብ አርቢዎች ተቀምጠዋል። ከማንኪራ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ንብ አርቢ የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ነበር። እኔ በምሳ ሰዓት ከጨፌው የያዝኩትን አንድ ትልቅ፣ ነሐስማ፣ በሦስት ማዕዘን ባጠፍኩት ወረቀት ውስጥ አድርጌ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ወረቀቱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ በመዳፌ ይሰማኛል።

ኃላፊያችን ደብዳቤውን አነበቡና ባለሙያዋ የምትለው ስላላት ብለው ጠሩኝ። ቆምኩ። ሌሊቱን የሸመደድኩት ሁሉ ጠፋ። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ከኋላ አንዱ «ድምፅ!» አለ። ሌላው «ተዋት፣ ባትሪዋ አልቆ ነው» ሲል አዳራሹ ሳቀ። መናገሩ እንደማይሆንልኝ ሳውቅ ወረቀቱን ፈታሁት። ክንፎቹን ገጥሜ በሁለት ጣቴ ያዝኩና ጅራቱን አንገቴ ላይ፣ የደም ሥሬ በሚመታበት ቦታ ላይ አሳረፍኩት። ጅራቱን አጠፈና ወጋ ወጋ አደረገኝ፤ መርፌ የለውም። እግሮቹ ብቻ ኮረኮሩኝ። እናቶቹ በኩል አንዷ «ኧረ በማርያም» ስትል ሰማሁ።

አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፤ እኔ ቦንጋ ተወልጄ የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን እሰማለሁ፣ መናገር ግን አፍራለሁ። ያን ጊዜ በአማርኛ ያልወጣልኝ በተሰባበረ ካፊኖኖ ወጣ። አይናደፍም፣ እዩት፣ አይናደፍም አልኩ። አነጋገሬ አሳቃቸው፤ ሳቁ ግን የቅድሙ ዓይነት አልነበረም። በዚያ ሳቅ ውስጥ ድምፄን አገኘሁት። ስሕተቱ የእኔ እንደሆነ፣ ሠንጠረዡን ለማሳመር ብዬ አንድ ቃል እንዳወጣሁ፣ ረቡዕ ማለዳ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። የጎበጠው ከጭቃ ወጥቶ፣ ተዘቅዝቆ፣ ለብሶ እንደሚበር። መቼ እንደጨረስኩ አላውቅም።

ሽማግሌው ንብ አርቢ በከዘራቸው ወለሉን ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይህን እናውቀዋለን። ይህ ተርብ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ንብ ይበላል ወይስ አይበላም?»

ኃላፊያችን ቀና ብለው አዩኝ። አይበላም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ጨፌው ላይ አንድ ጊዜ ትልቁ ንብ ይዞ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ። በትንሽ ውሸት የዳነ ነገር በሚቀጥለው ዓመት በእውነት ይሞታል ብዬ ፈራሁ።

«ትልልቆቹ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ ይይዛሉ ጋሼ» አልኩ። «ትንኝና ዝንብ ነው የሚበዛው፤ ግን ንብም ይይዛሉ።»

ማጉረምረም ተነሣ። ወጣቶቹ ተያዩ። ሁሉን ነገር ያበላሸሁት መሰለኝና ልቀመጥ ስል ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«አንዳንድ ጊዜ? እኔ እኮ በጭስ አባርሬ ቤታቸውን ሙሉ በሙሉ ነው የምዘርፈው። እንግዲያው መርዙን ከእኔ ጀምሩ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ኃላፊያችንም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ርጭቱ የተናገረ አልነበረም። ወጣቶቹ ግን በልባቸው ያለውን አወጡ፤ መርዙ ይቅር፣ የተገባልን ቦታስ አሉ። ሥራ ፈትተው ዓመት ጠብቀዋል፤ ልፈርድባቸው አልቻልኩም። ብዙ ክርክር ሆነ። መጨረሻ ላይ ቦዩ እንዲቀር፣ ለወጣቶቹ ቆሻሻ ከሚደፋበት ከመንገዱ ጠርዝ ሠላሳ እርምጃ ያህል እንዲሰጥ፣ የቀረው ጨፌ እንዳይነካ ተባለ። ባለሙያዋ ከመሬት ሠራተኛው ጋር ጠዋት ወርዳ ችካል ታስቸክል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ጸሐፊው ስለምን እንደተወያየን ምን ብሎ እንደሚጽፍ ቢጠይቅ ኃላፊያችን ትንሽ አሰቡና «ተርብ አለመሆኑ ስለታወቀ ብለህ ጻፍ» አሉት።

የመሬት ሠራተኛው በከተማው የታወቀ ረጅም ሰው ነው። እርምጃው ሰው ያስከፍላል ይባላል፤ በእሱ ሠላሳ የተለካ አጥር የጎረቤት ጓሮ ውስጥ ይገባል። ቃለ ጉባኤውን ጠይቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሠላሳ እርምጃ ይላል። የማን እርምጃ እንደሆነ አይልም።

በማግስቱ ዓርብ ማለዳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ተነሣሁ። ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ ቋጠርኩ፣ ከቤት የወሰድኩትን መዶሻና የችካል እንጨቶች በጆንያ ተሸከምኩ። የመሬት ሠራተኛው የሚመጣው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በጉሙ ውስጥ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሜ፣ ጀርባዬን ለከተማው ሰጥቼ፣ መቁጠር ጀመርኩ። አጭር ሴት ነኝ፤ ያን ጠዋት ደግሞ አልቸኮልኩም። ከአሥረኛው በኋላ ውኃው ቁርጭምጭሚቴን፣ ከሃያኛው በኋላ ባቴን ሸፈነው። በየእርምጃው ፊት ያለውን ግንድ ሁሉ አያለሁ፤ እዚያም፣ ከቆሻሻው መካከል እንኳ፣ የሚለብሱ ነበሩ። እነሱ እስኪበሩ እዚያው ቆሜ ጠበቅኳቸው። ፀሐይ ኮረብታውን ስትሻገር የመጨረሻው ክንፉን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አራገበና በራሴ ላይ አልፎ ወደ ውስጠኛው ጨፌ ሄደ። ያን ጊዜ ሠላሳኛዋን እርምጃ ረገጥኩ፤ ችካሉን ጭቃው ላይ አቆምኩና በመዶሻው መታሁት።